ቢላዋውን የሚመራው ሌላኛው እጅ ነው

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ አራስ ናት፤ ኩሽናው ለጊዜው የእኔ ሆኗል። አማቴ አብረውን አሉ፤ ቢላዋ ስይዝ ባዩ ቁጥር ‹ተወው ልጄ፣ ጣትህን ወጡ ውስጥ ልትጨምረው ነው› ይላሉ። አልተሳሳቱም፤ በሁለት ሳምንት ሁለቴ ተቆርጫለሁ። ለአንድ ዶሮ የሚሆን ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ስከትፍ፣ እያለቀስኩ፣ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል። ያም ሆኖ ግማሹ ደቃቅ፣ ግማሹ ትልልቅ ነው። እሳቸው መክተፊያ እንኳ አይፈልጉም፤ መዳፋቸው ላይ ይዘው እዚያው ድስቱ ላይ ይከትፉታል። ችግሩ ቢላዋዬ ነው? ጥሩ ቢላዋ ልግዛ ወይስ መፍጫ ማሽን?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለባለቤትህ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በልልኝ። «አንተ» ማለቴንም አትቀየምብኝ፤ 16 ዓመት በሆቴል ኩሽና ስሠራ፣ ከዚያም ጀማሪ አብሳዮችን ሳሠለጥን ሁሉንም የምጠራው እንዲሁ ነው።

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ቢላዋህ ጽፈሃል፣ ስለ ሽንኩርቱ ጽፈሃል፣ ስለ አማትህ ጽፈሃል። ሽንኩርቱን ስለያዘው እጅህ ግን አንድ ቃል የለም። አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የማየው ያንን እጅ ነው። ቢላዋ የያዘው እጅ ከመመላለስ ሌላ ብዙ ሥራ የለውም። ቢላዋው የት እንደሚያርፍ፣ ቁራጩ ምን ያህል እንደሚቀጥን፣ ጣት ይተርፍ አይተርፍ የሚወሰነው ምግቡን በያዘው እጅ ነው። ሁለቱም ቁስሎችህ በግራ እጅህ ጣቶች ጫፍ ላይ ናቸው ብዬ ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም። (ግራኝ ከሆንክ የምለውን ሁሉ ገልብጠህ አንብበው።)

የአማትህን አከታተፍ አልነቅፍም። እናቴም እንደዚያው ነበር የምትከትፈው። የተላጠውን ሽንኩርት መዳፏ ላይ ታስቀምጣለች፣ ላዩን በትንሽ ቢላዋ ወዲህና ወዲያ ትሰነጣጥቀዋለች፣ ከዚያ ወደ አውራ ጣቷ እየሳበች ከላይ ከላይ ትገፈዋለች፤ ደቃቁ ድስቱ ውስጥ ይረግፋል። ይሠራል። የሚሠራው ግን ቢላዋዋ አጭርና ቀጭን ስለሆነ፣ አውራ ጣቷም የት ላይ ማቆም እንዳለበት በስንት ዓመት ስለተማረ ነው። አንተ ረጅም ቢላዋ ይዘህ ይህን ልኮርጅ ብትል የምንገናኘው ሐኪም ቤት ነው። ቁርጥ ሲበላ ሥጋውን በጥርሱ ነክሶ ከከንፈሩ ፊት ቢላዋ ሽቅብ የሚያሳልፍ ሰው አይተህ ታውቅ ይሆናል፤ ያንንም ማንም በአንድ ቀን አልለመደውም። ለጀማሪ የሚሻለው ምግቡ ጠንካራ ነገር ላይ ተኝቶ፣ ቢላዋውም ቁልቁል ወርዶ የሚያልቅበት መንገድ ነው። ስለዚህ መክተፊያ መያዝህን ቀጥል።

መክተፊያህን በጣትህ ገፋ አድርገው። ከተንሸራተተ አንዱን ጥፋተኛ አገኘነው። ጨርቅ አርጥብ፣ ጨምቀው፣ ከመክተፊያው ሥር አንጥፈው፤ ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አይልም። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጉልበት ላይ መክተፍ ይቅር። ቁም፤ ጠረጴዛው ከክርንህ ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን። መክተፊያው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን። መስታወት፣ እብነ በረድ ወይም ሳህን ላይ የሚከትፍ ሰው ስለቱን በየቀኑ እየገደለው ነው። ሁለት መክተፊያ ቢኖርህ ደግሞ መልካም ነው። ብዙ ቤት የጾሙንና የፍስኩን ዕቃ ስለሚለይ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አንተ በዚያ ላይ አንድ ብቻ ጨምር፦ በፍስክም ቀን ቢሆን ጥሬ ዶሮ የነካ መክተፊያ በሙቅ ውኃና በሳሙና ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበትም። አራስና ጨቅላ ባለበት ቤት የሳልሞኔላ (ጥሬ ዶሮ ላይ የሚገኝ፣ ሆድ የሚያውክ ባክቴሪያ) ነገር ቀልድ የለውም።

ቢላዋውን ስትይዝ እጀታውን እንደ መዶሻ አትጨብጠው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ወይም ደግሞ አመልካች ጣቱን በቢላዋው ጀርባ ላይ ይዘረጋል፤ ሁለቱም ቢላዋው በእጅ ውስጥ እንዲወላገድ ያደርጋሉ። አውራ ጣትህንና አመልካች ጣትህን ከእጀታው አሳልፈህ ብረቱን ራሱን ከግራና ከቀኝ ቆንጥጠው። የቀሩት ሦስት ጣቶች እጀታውን ይቀፉ። መጀመሪያ ቀን የማይመች ይመስላል፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ አያያዝ እንደነበረ ትረሳለህ።

አሁን ወደዚያ ወደ ረሳኸው እጅ። አምስቱን ጣቶችህን ምግቡ ላይ አሳርፍና ጫፋቸውን ወደ ውስጥ እጠፋቸው፤ ዶሮ መሬት ስትጭር እግሯን እንደምታደርገው። የመካከለኛው ጣትህ አንጓ ከሁሉም ቀድሞ ይቁም። ጥፍሮችህ ከአንጓው ኋላ ተደብቀው ምግቡን ይጫኑት፤ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ደግሞ ከኋላና ከጎን ይደግፉ። አውራ ጣትህን ተጠንቀቀው፤ ሥራው ሲሞቅ ቀስ እያለ ወደ ፊት የሚሾልከው እሱ ነው። የቢላዋው ጎን ያንን የመካከለኛ ጣት አንጓ እየታከከ ይውጣ፣ እየታከከ ይውረድ። ስለቱ ከአንጓው በላይ እስካልተነሣ ድረስ ሥጋህን የሚያገኝበት መንገድ የለም፤ ሊነካ የሚችለው ነገር ሁሉ ከግድግዳ ጀርባ ነው ያለው።

ይኸው አንጓ የቁራጩን መጠንም ይወስናል። 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ሲል ቁራጩ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ሲል 1 ነው። «ግማሹ ደቃቅ፣ ግማሹ ትልልቅ» ያልከው የሚመጣው በዓይን እየገመትክ ስለምትቆርጥ ነው። ዓይንህን እርሳው፤ አንጓው እኩል እኩል እያለ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ቢላዋውም ይከተለው። ቀስ በል። በቴሌቪዥን የምታየው የጣ-ጣ-ጣ ፍጥነት ማንም ቸኩሎ ያመጣው አይደለም፤ እኔ ሠልጣኞቼን በመጀመሪያው ሳምንት ሲፈጥኑ ካየሁ ቢላዋውን እቀማቸዋለሁ።

አቆራረጡን በተመለከተ አንድ ነገር፦ አትጫን። መጋዝ እንጨት የሚቆርጠው በመመላለስ ነው፣ ቢላዋም እንደዚያው ነው። ቁልቁል ሲወርድ ወደ ፊትም ይሂድ። ቲማቲም ላይ ቢላዋ ስትጫን ጨፍልቀኸው ታገኘዋለህ፤ ስትገፋው ግን በራሱ ክብደት ይሰምጣል። ሌላው፣ የሚንከባለል ነገር አትቁረጥ። ካሮትም ይሁን ድንች የመጀመሪያው ቁራጭ ጠፍጣፋ ጎን ለማውጣት ነው፤ በዚያ ጎኑ አስተኛውና ቀሪውን ጀምር።

ሽንኩርት ላይ ቆየት ልበል፤ ሁለት ሰዓትህ የሚጠፋው እዚያ ነውና። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ለምን ደቃቅ እንደሚሆን አማትህ ነግረውህ ይሆናል። ቁሌቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በራሱ ውኃ ነው የሚቁላላው፤ ሽንኩርቱ ቀልጦ ወጡን ማወፈር አለበት። እኩል ያልተከተፈ ከሆነ ደቃቁ ሲያርር ትልልቁ ገና ጥሬ ነው፣ በመጨረሻም ወጡ ላይ ተንሳፍፎ ይገኛል። ስለዚህ ደቃቅ ከመሆኑ ይልቅ እኩል መሆኑ ይበልጥብኛል።

ሦስት ኪሎውን አንድ በአንድ ከልጣጭ እስከ ድስት አትውሰድ። መጀመሪያ ሁሉንም ላጥ። የሀገር ውስጡ ቀይ ሽንኩርት ትንንሽ ከሆነና ልጣጩ ካስቸገረህ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፈው። ሥሩን አትቁረጠው! በዚህ ነገር በመጀመሪያ ቀን ሁሉም ሰው ይሳሳታል። ንብርብሮቹ በሙሉ የሚያያዙት ሥሩ ጋ ነው፤ እሱን አስቀድመህ ካነሣኸው ሽንኩርቱ እጅህ ላይ ይበታተናል፣ ትልልቁና ደቃቁ የሚቀላቀለውም ያኔ ነው። የላይኛውን ጫፍ ቁረጥ፣ ሥሩን ለሁለት በሚከፍል መስመር ሰንጥቀው፣ ልጣጩን ግፈፍ። ሁሉም ተልጦ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ልጣጩን ከፊትህ አንሣ፤ በቆሻሻ መሐል መክተፍ ያዘገያል።

አሁን ግማሹን ሽንኩርት በጠፍጣፋው በኩል አስተኛው፤ ሥሩ ወደ ግራ እጅህ ይሁን። የቢላዋውን ጫፍ እየተጠቀምክ ከሥሩ አጠገብ ጀምረህ ወደ ሌላኛው ጫፍ ቁም ለቁም ሰንጥቀው፤ ሥሩ ድረስ ግን አትድረስ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ተውለት። የጎንና የጎኑን ስትሰነጥቅ ቢላዋውን ወደ መሐሉ ትንሽ አዘንብለው፤ አለበለዚያ ከዳር ያለው ረዥም ረዥም ሆኖ ይወጣል። ከዚያ የጣቶችህን አቀማመጥ አስተካክለህ አግድም ቁረጠው። ደቃቅ ካሬ ካሬ ሆኖ ይረግፋል። ሲያጥርና መያዣ ሲያጣ ሥሩን ይዘህ አትታገል፤ ገልብጠህ አስተኛውና የቀረውን በሌላ በኩል ውሰድ፤ ሥሩን ጣለው።

በአንዳንድ ማስተማሪያ ቢላዋው ወደ መዳፍ አቅጣጫ ተኝቶ ሽንኩርቱን በአግድም አንዴ ሁለቴ ሲሰነጥቅ ታያለህ። ዝለለው። የሽንኩርቱ ንብርብር ራሱ ያንን ሥራ ሠርቶልሃል፤ ቢላዋ ወደ መዳፍ ማምጣት ደግሞ ለጀማሪ ያለ ምክንያት የሚከፈል ዋጋ ነው።

ለዶሮ ወጥ ይህ አይበቃም፤ ሁለተኛ ዙር አለው። የተከተፈውን ክምር አድርግ። የቢላዋውን ጫፍ በግራ እጅህ መዳፍ ከላይ ተጫነውና መክተፊያው ላይ እንዳረፈ ይቆይ፤ ጣቶችህ የተዘረጉ ይሁኑ። ቀኝ እጅህ እጀታውን እያነሣና እያወረደ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ማራገቢያ ይሂድ። በየመሐሉ ሰብስበው፣ ድገመው። ስትሰበስብ ግን በስለቱ አትፋቅ፤ ቢላዋውን ገልብጠህ በጀርባው ጥረግ። ስለት በጎን ሲጠረግበት ከመክተፍ በላይ ይታጠፋል። እኔ ሦስት ኪሎ የተላጠ ሽንኩርት ለዶሮ ወጥ በግማሽ ሰዓት ግድም እጨርሳለሁ፤ አንተ በወሩ መጨረሻ አንድ ሰዓት ከደረስክ ጎበዝ ነህ።

እንባው። ሽንኩርት ሲቆረጥ ሴሎቹ ይፈነዱና ለየብቻ ተቀምጠው የነበሩ ኢንዛይሞችና የሰልፈር ውሕዶች ይገናኛሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ዓይን ውስጥ ሲገባ ዓይን ራሱን ለማጠብ ያነባል። ለዚህ ጋዝ መፈጠር ወሳኝ የሆነውን ኢንዛይም የጃፓን ተመራማሪዎች ለይተው ያሳወቁት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2013 ለዚሁ ሥራ ሰውን መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠው የኢግ ኖቤል ሽልማት ደረሳቸው። ለአንተ የሚጠቅምህ ይህ ነው፦ ስለታም ቢላዋ ሴሎቹን ይሰነጥቃል፣ ዱልዱም ቢላዋ ይጨፈልቃቸዋል። ብዙ ካለቀስክ ቢላዋህ ደንዝዞ ይሆናል። ሽንኩርቱን ከመክተፍህ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት፣ መስኮት ከፍቶ አየሩ ከጎን እንዲያልፍ ማድረግም ይረዳል። ዳቦ በጥርስ መያዝ፣ ክብሪት መንከስ የሚሉት እኔን አንድም ቀን አልጠቀሙኝም።

የቀረውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሙቀጫ ሥራ ነው፤ ትንሽ ጨው ጣል አድርገህ ውቀጠው፣ ቢላዋ አያስፈልገውም። ልጣጩ አልላቀቅ ያለህን ነጭ ሽንኩርት ብቻ በቢላዋው ጎን ተጫነው፣ ሰነጣጥቆ ይለቃል። ለፎሶልያ ካሮቱንም እንደ ፎሶልያው ቀጭንና ረዥም አድርገው፤ አብረው የሚበስሉት እኩል ሲሆኑ ነው። ጎመን ስትከትፍ ወፍራሙን ዘንግ ለይተህ አውጣ፣ ቅጠሎቹን ደራርበህ እንደ ሲጋራ ጠቅልል፣ ከዚያ በቀጭኑ ቁረጥ። ቃሪያ ላይ የሚያቃጥለው ዋናው ፍሬው አይደለም፤ ፍሬው የተጣበቀበት ነጩ ሥጋ ነው፤ ለስንግ ስታወጣው እሱን በማንኪያ ጠርገው። እጅህ ከተቃጠለ ውኃ ብቻ አያወርደውም፣ የሚያቃጥለው ነገር በዘይት እንጂ በውኃ አይሟሟምና። መጀመሪያ በዘይት እሸው፣ ቀጥሎ በሳሙና ታጠብ፤ ከዚያ በፊት ሕፃኑን እንዳትነካ።

ሥጋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ሙዳ ሥጋ ብርሃን ላይ ብታየው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ክሮች አሉት። ለጥብስ እነዚያን ክሮች አቋርጠህ ቁረጣቸው፤ ክሩ ሲያጥር ጥርስ ይቀለዋል። ጥብሳቸው እንደ ጎማ የሚለጠጥባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ለሥጋ ቤቱ ይሰጣሉ፤ ሥጋው ጥሩ ሆኖ አቆራረጡ ያበላሸው ስንቱን አይቻለሁ። ቋንጣ በተቃራኒው ነው፤ ተዘልዝሎ ገመድ ላይ ሲሰቀል እንዳይበጣጠስ ክሩን ተከትለህ ትሄዳለህ። ሥጋው ለስልሶ ከቢላዋው ሥር የሚሸሽህ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆየው፤ ጠንከር ሲል እኩል ይቆረጥልሃል። ለክትፎ ደግሞ ከመክተፉ በፊት ጅማቱንና ሞራውን ማጽዳት ነው ጊዜ የሚፈጀው፤ እዚያ ላይ አትቸኩል።

ዶሮ ስትበልት አጥንት አትምታ። የተመታ አጥንት ይሰበራል፣ ስብርባሪው ወጡ ውስጥ ይገባል። መገጣጠሚያውን እጠፈው፣ አጥንቱ ከአቃፊው ወጣ እስኪል ወደ ኋላ ግፋው፣ ቢላዋው በሁለቱ አጥንቶች መሐል ራሱ መንገድ ያገኛል። ጠንካራ ነገር ከተሰማህ ጥቂት ወዲህ ወይም ወዲያ በል፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ ቢላዋ አይታገልም። የ12ቱን ብልት ስምና አወጣጥ ግን ከአማትህ ተማር። በዚህ እኔ ከእሳቸው አልበልጥም፤ አንተም ስትጠይቃቸው ‹ተወው ልጄ› ማለታቸውን ሳይቀንሱ አይቀሩም።

ወደ ቢላዋው ልምጣ። አዎ፣ የአሁኑ ቢላዋህ ጥርስ ያለው ቀጭን የቲማቲም ቢላዋ ከሆነ ሌላ ያስፈልግሃል፤ እሱ ይበጣል እንጂ አይከትፍም። ስለቱ ከ18 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ወደ ጫፉ ጎበጥ ያለ አንድ ቢላዋ፣ ለመላጫ ደግሞ አንድ ትንሽ ይበቃሃል። ስምንት ቢላዋ በእንጨት ሳጥን የሚሸጠውን እለፈው፤ ስድስቱን አታነሣቸውም። ዋጋ አያታልልህ። በሚገባ የተሳለ ርካሽ ቢላዋ ካልተሳለ ውድ ቢላዋ ይሻላል፣ አደጋውም ያንሳል። ዱልዱም ቢላዋ የሽንኩርቱን ቆዳ ሳይዝ ይንሸራተታል፤ የሚንሸራተተው ደግሞ በሙሉ ጉልበትህ እየተጫንከው ሳለ ነው። ስለት መኖሩን በጣትህ አትፈትን፤ ቲማቲም ላይ ሳትጫን አሳርፈውና ግፋው። ቆዳውን ካልያዘ ጊዜው ደርሷል።

የሥጋ ቤት ሰዎች ቢላዋውን በብረት ዘንግ ላይ ሲያፋጩት አይተህ ይሆናል። ያ የታጠፈውን ስለት ያቃናል እንጂ አዲስ ስለት አያወጣም። አዲስ ስለት የሚያወጣው ድንጋይ ነው። መሳያ ድንጋይ ከገዛህ ለቤት የሸካራነት ቁጥሩ 1000 የሆነው ይበቃል። አርጥበው። ቢላዋውን ድንጋዩ ላይ በ90 ዲግሪ አቁም፣ ግማሹን አዘንብለው፣ 45 ነው፤ እንደገና ግማሹን አዘንብለው፣ ከዚያም ትንሽ ዝቅ። የምትፈልገው 20 ዲግሪ ገደማ ያ ነው። በአንዱ ጎን ከእጀታው እስከ ጫፉ እየሳብክ በሌላኛው ጎን በጣት ስትዳብሰው የምትሻክር ቀጭን ጠርዝ እስክትወጣ ሳል፣ ከዚያ ገልብጠህ እንደዚያው አድርግ። (ስትዳብስ ከጀርባው ወደ ስለቱ፣ አቋርጠህ እንጂ በስለቱ ርዝመት አይደለም።) ድንጋይ ከሌለህ የሸክላ ኩባያ ገልብጥ፤ ከሥሩ ያልተቀባው ሸካራ ክብ ለጊዜው ያገለግላል። ብልጭታ እያወጣ በደረቁ በሚዞር ማሽን የሚስሉትን ግን ቢላዋህን አትስጣቸው፤ ብረቱ ሲግል ጥንካሬውን ያጣል፣ በሳምንቱ ትመለሳለህ።

ማሽኑስ? ጁስ መፍጫው ውስጥ ሽንኩርት አትክተት። ሴሎቹን ሁሉ ያፈነዳል፣ የሚወጣው ውኃ ነው፤ ቁሌቱ ሳይቁላላ ይቀቀላል፣ ጣዕሙም ይመራል። ስለት ያለው መክተፊያ ማሽን ካለህ አንዴ ጠቅ፣ ለቀቅ እያደረግክ፣ በትንሽ በትንሹ ከሆነ አልከለክልህም። ለድግስ 20 ኪሎ ሽንኩርት ሲመጣ እኔም እጠቀማለሁ። ለአንድ ዶሮ ግን ማሽኑን ለማጠብ የምታጠፋው ጊዜ ያሳዝነኛል።

እንደገና ከተቆረጥክ ንጹሕ ጨርቅ ይዘህ 10 ደቂቃ ሳታነሣ ተጫነው፣ እጅህንም ከፍ አድርገው። የቡና ዱቄት አትነስንስበት፤ አማትህ ይዘው ቢመጡም በአክብሮት እምቢ በል፣ ቁስሉን ያቆሽሸዋል። ደሙ እንቢ ካለ፣ ጥልቅ ከሆነ ወይም ጣትህ ከደነዘዘ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንዳለህም ይጠይቁሃል። ቢላዋ ከእጅህ ሲወድቅ እግርህን አሽሽ እንጂ ለመያዝ አትሞክር። አረፋ ያለበት መታጠቢያ ውስጥም ቢላዋ አትደብቅ፤ ወዲያው እጠበው፣ አድርቀው፣ አስቀምጠው።

በዚህ ሳምንት ሽንኩርቱን ለአማትህ ተውላቸው፤ አንተ የአልጫውን ድንችና ካሮት ያዝ። ድንች ለሁለት ከተከፈለ በኋላ አይንከባለልም፣ ዓይንም አያስለቅስም፤ የጣትህን አንጓ የምትለማመደው እሱ ላይ ነው። ቀጣዩ ሳምንት የሽንኩርት ይሁን። ልጁ ወንድ ከሆነ እስከ ክርስትናው 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን አለህ፤ ሁለት ሳምንቱ አልፏል እንጂ። ስትከትፍ ፎቶ አስነሣና ላክልኝ፤ የሽንኩርቱን ሳይሆን የግራ እጅህን።